ማክሰኞ የማን ነው?

በድሮ ዘመን በአንድ ሰፊ ሜዳ ዙሪያ ሰባት መንደሮች ነበሩ። የመንደሮቹ ነዋሪዎች የዜማ ዕቃዎች ናቸው፦ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ በገና፣ መለከትና እምቢልታ። እንደማንኛውም ባላገር ያርሳሉ፣ ከብት ያረባሉ፣ ልጅ ይድራሉ። በሜዳው መካከል አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። ወደ ዋርካው የሚወስዱት መንገዶች አራት ሲሆኑ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይባላሉ። በየትኛውም የመጣ መንገደኛ የሚደርሰው እዚያው ነው።

በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ ሰባቱም መንደሮች ከዋርካው ሥር ይገናኛሉ። የበዓሉ ባለቤት ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር፤ የጠየቀም አልነበረም።

እንደተገናኙ ወዲያው አይዘፈንም። መጀመሪያ ሥራ አለ። ከበሮ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ጠጥቶ ቆዳው ስለሚላላ ቢመቱት አይሰማም። ስለዚህ የበገና ሽማግሌዎች ከደጋ የወይራ ፍልጥ አሸክመው ይመጡና እሳት ያነዳሉ፤ ከበሮዎቹም በእሳቱ ዙሪያ ተደርድረው ቆዳቸው እስኪወጠር ይሞቃሉ። የማሲንቆ ደጋን ሙጫ ካልተቀባ በፈረስ ጭራው ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ሙጫውን ደግሞ በቆላ ከብት ሲጠብቁ ከእጣን ዛፍ ላይ የሚለቅሙት የዋሽንት ልጆች ናቸው። ክራር አውታሯን የምትቃኘው ዋሽንት ሲነፋ አዳምጣ ነው። የዋሽንት አራት ቀዳዳ አንዴ ከተበሳ ወዲያ አይላላም አይጠብቅም፤ ያለው ምርጫ ሌላው ወደ እሱ መምጣት ነው።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። የማን ላም እንደነጠፈች፣ የማን ልጅ ለአቅመ ሔዋን እንደደረሰች፣ የማን ማሳ በጎርፍ እንደተበላ የሚሰማው በዚህ ሰዓት፣ እሳት ዳር ነው። እሜቴ ከበሮና ባሻ መለከት በወሰን ተጣልተው ሦስት ዓመት በአንድ መንገድ አልሄዱም ነበር። በአራተኛው ዓመት እሜቴ ከበሮ ምቱን ጀመሩ። መለከት የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ምቱን ዝግ አድርገው ጠበቁ። ባሻ መለከት ትንሽ አመነቱና ገቡ። ማታ በዓሉ ሲበተን ሁለቱ ወደ ኋላ ቀርተው የወሰኑ ድንጋይ የት እንደሚተከል ሲነጋገሩ ታዩ።

ከሁሉም ይልቅ ሕፃናት የሚከቧቸው ሦስቱን ወንድማማች እምቢልታዎች ነበር። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። ታላቁ ያለው አንድ ወፍራም ድምፅ ነው። የመካከለኛው ከሱ ቀጠን ይላል፣ የታናሹ ደግሞ ይበልጥ ይቀጥናል፤ ከዚያ ወዲያ የላቸውም። ታላቁ ለመተንፈስ ሲያርፍ መካከለኛው ይገባል፤ መካከለኛው ሲያርፍ ታናሹ ይገባል፤ ሰሚው አንድ ረጅም ዜማ የሰማ ይመስለዋል። ሕፃናቱ ዜማው ከየትኛው ቧንቧ እንደሚወጣ ለማየት ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሯሯጡ ይመሻል።

አባ በገና ከጭፈራው መሐል አይገቡም። የሳቸው ጊዜ ጾም ነው። ነገር ግን ጀምበር ጠልቃ ሁሉም ሲደክመው አሥሩን አውታር ይደረድራሉ፤ የመጣው ሁሉ ያንን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ታዲያ አንድ ዓመት በዓሉ ከወትሮው ሁሉ ደመቀ። በማግስቱ ባሻ መለከት ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ትናንት ተራራው ማዶ ድረስ የተሰማው የኔ ድምፅ ነው። እንግዲያው በዓሉ የኔ ነው» አሉ። ተራራው ማዶ ድረስ የሚሰማ ከመለከት በቀር ማንም የለምና እውነታቸውን ነበር። ወሬው ክራር መንደር ደረሰ። እትዬ ክራር፣ «ዜማውን የያዝኩት እኔ አይደለሁም ወይ?» አሉ። ይህም እውነት ነው። ጋሽ ማሲንቆ፣ «ያለኔ ግጥም ከየት ይመጣ ነበር?» አሉ፤ እሜቴ ከበሮ፣ «እኔ ባልመታ ማን እግሩን ያነሣ ነበር?» አሉ። ሁሉም እውነት ስለነበራቸው የሚታረቁበት ጠፋ።

በማዶ ኮረብታ ላይ አዛዥ ነጋሪት ብቻቸውን ይኖራሉ። አዛዥ ነጋሪት አዋጅ ይናገራሉ እንጂ አይዘፍኑም፤ በበዓሉ ላይም ተገኝተው አያውቁም፤ የጠራቸውም የለም። ሰባቱ መንደሮች ተያይዘው ሄደው ዳኙን አሏቸው። አዛዥ ነጋሪት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «አንድ በዓል ለሰባት አይበቃም። ሳምንቱ ግን ሰባት ቀን አለው» አሉና ነጋሪት ጎሰሙ። ሰኞ ለማሲንቆ፣ ማክሰኞ ለክራር፣ ረቡዕ ለዋሽንት፣ ሐሙስ ለከበሮ፣ ዓርብ ለበገና፣ ቅዳሜ ለመለከት፣ እሑድ ለእምቢልታ ሆነ። ማንም በሌላው ቀን ድምፁን ቢያሰማ አንድ ቁና ገብስ ይቀጣል። ፍርዱ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ሰባቱም እየተመራረቁ ወደየመንደራቸው ገቡ።

መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም በሁሉም ቀን ይመጣ ነበር። አንድ ሰኞ ጋሽ ማሲንቆ ሲጫወቱ አንዲት ትንሽ ከበሮ ሳታስበው ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ቆዳዋም ድም አለ። አንድ ቁና ገብስ ተቀጣች። በሚቀጥለው ሰኞ ከከበሮ መንደር የመጣ አልነበረም። ማክሰኞ ማሲንቆዎች ቀሩ። ረቡዕ ሁለቱም ቀሩ። ዓመት ሳይሞላው እያንዳንዱ ቀኑን ይዞ ወደ መንደሩ ገባና ከዋርካው ሥር ሣር በቀለ። በአራቱ መንገዶች ላይም ኬላ ቆመ። በባቲ የመጣ በአንቺሆዬ መመለስ አይችልም፤ በትዝታ የሚያልፍ ለምን እንደሚያልፍ ይጠየቃል።

ድምፅ ግን ኬላ አያውቅም። በሰኞ የማሲንቆ ጨዋታ ክራር መንደር ድረስ ይሰማል። እትዬ ክራር፣ «ቀኑን ወሰዱ እንጂ ጆሮዬን መች ሰጠኋቸው» ብለው ከቀፎ ሰም አስቆርጠው ጆሯቸውን ደፈኑ። ይህ ብልሃት በሰባቱም መንደር ተወደደ። ሰም ከማር ይልቅ ዋጋ አወጣ፤ ቀፎ ቆራጮች ማሩን ሜዳ ላይ እየደፉ ሰሙን ብቻ ገበያ አወጡ። ሰሙን ስድስት ቀን ደፍኖ በሰባተኛው ቀን ማውጣት አድካሚ ሲሆን ጊዜ በራሳቸውም ቀን ሳያወጡት ይውሉ ጀመር። እናት ልጇ ሲያለቅስ የምታውቀው ፊቱን አይታ ነው። በመለከት መንደር አንድ ቤት ሌሊት ተቃጠለ፤ ባለቤቱ ሲጮህ አደረ፤ ጎረቤቱ ጠዋት ወጥቶ አመዱን ሲያይ፣ «ምነው አልጠራኸኝም?» ብሎ ተቀየመው።

ከዚህ በኋላ ወንድማማቾቹ እምቢልታዎች ከእሑድ ውስጥ ማን ይቀድማል በሚል ተጣሉ። አዛዥ ነጋሪት እሑድን ለሦስት ከፈሉት፤ ጠዋት ለታላቁ፣ ቀትር ለመካከለኛው፣ ማታ ለታናሹ ሆነ። ታላቁ እምቢልታ በጠዋቱ ተነሥቶ ያችኑ ወፍራም ድምፅ እስከ ረፋድ ነፋ። ወገኖቹ እልል አሉ፤ በሬም ጣሉ። ከመካከላቸው ሰሙ የወለቀበት አንድ ሽማግሌ፣ «ከዚህች ድምፅ ቀጥላ የምትመጣ ሌላ ነበረች፤ ወዴት ሄደች?» ብሎ ቢጠይቅ የመካከለኛው ሰላይ ነው ተብሎ ታሰረ። በቀትርም በማታም እንዲሁ ተነፋ፣ እንዲሁ በሬ ተጣለ።

የክራር አውታሮች ይህን አዩ። አምስቱ አውታሮች ከአንድ ቀንበር ላይ ተወጥረው አብረው የኖሩ ናቸው። «እምቢልታ ሦስት ሆኖ ሦስት በዓል ካገኘ፣ እኛ አምስት ሆነን ስለምን በአንድ ቀንበር እንኖራለን?» አሉ። ተፈቱ። ቀንበሩ ተሰነጠቀና እያንዳንዱ አውታር ስንጥር እንጨት ደረሰው። ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ አምስት ጊዜ በዓል ተከበረ። እትዬ ክራር ግን አንዲት ቀጭን አውታር ብቻ ይዘው ቤታቸው ቀሩ።

ጋሽ ማሲንቆ ይህን ሁሉ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «የኔ ጭራ አንድ ናት። እኔን የሚከፍለኝ የለም» ይሉ ነበር። አንድ ሌሊት ደጋኑና ጭራው ተጣሉ። ደጋኑ፣ «የምደክመው እኔ፣ ስሙ ያንቺ» አለ። ጭራዋም፣ «የምታሸው እኔን፣ የምታማርረው አንተ» አለችው። ነገሩ አዛዥ ነጋሪት ዘንድ ሄደ፤ ሰኞም ለሁለት ተከፈለ። ጠዋት ደጋኑ ከሕዝብ ፊት ቆሞ አየሩን ይገዘግዝ ጀመር። ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ታች ይመለሳል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ከሰዓት በኋላ ጭራዋ ተወጥራ ዝም ብላ ቆመች። የተሰበሰበው ሁሉ ጆሮው በሰም የተደፈነ ነበርና ለሁለቱም እኩል አጨበጨበ። ከድሮው ማሲንቆ ይህ ይሻላል የሚሉም ብዙ ነበሩ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ጤፉ አሽቶ ማሽላው ራስ ሲይዝ፣ በምሥራቅ በኩል ደመና ታየ። ሰባቱም መንደሮች የማይጠበቅ ዝናብ መጣ ብለው መጠለያ ፍለጋ ገቡ። ደመናው አንበጣ ነበር። ቀድሞ አንበጣ ሲመጣ ክንፉ እንደተሰማ ሁሉም ያለውን ይዞ ይወጣና ይጮህበታል፤ ጩኸት በበዛበት አንበጣ አያርፍም፤ ቢያርፍም ይነሣል። አሁን ግን ክንፉን የሰማ የለም።

ሰኞ ማሲንቆ መንደር አረፈ። ደጋኑ አየሩን እየገዘገዘ ሳለ የጓሮው ማሽላ አለቀ። ወደ ማምሻው ወደ ከበሮዎች ገብስ ተሻገረ። ማክሰኞ ጠዋት እሜቴ ከበሮ ሰብላቸው ላይ ያረፈውን አዩና ዱላ አነሡ። ዱላውን አየር ላይ እንደያዙ ቀኑ የክራር መሆኑ ትዝ አላቸው። አወረዱት። ከቀናቸው ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመቱ ይፈቀድላቸው ዘንድ ለአዛዥ ነጋሪት መልእክተኛ ሰደዱ። መልእክተኛው በሁለት ኬላ ተፈትሾ ረቡዕ ማታ ደረሰ። አዛዥ ነጋሪት አቤቱታውን በጥንቃቄ አዩት። መልሱ ሐሙስ ከሰዓት መጣ፦ «ዛሬ ሐሙስ ቀናችሁ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም።» እሜቴ ከበሮ ወጥተው መቱ። ሦስት ክረምት እሳት ያላየው ቆዳ ዱፍ አለ። ከፊታቸው ያለው ማሳ ግን ባዶ አፈር ነበር።

አንበጣውም ሳምንቱን ለመደ። ሐሙስ ከከበሮ መንደር ይርቃል፣ ቅዳሜ ከመለከት፤ በሌላው ቀን ተመልሶ ያርፋል። መንደሮቹም ይህን ሲያዩ፣ «ቢያንስ ሕግ ያከብራል» ተባባሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ማታ ከሰባቱ መንደሮች ያልተበላው ከሜዳው ዳር ያለው የእትዬ ክራር ጤፍ ብቻ ነበር። አንበጣው ብርዱን ሽሽት ዋርካው ላይ ሰፈረ። ፀሐይ ሞቅ እስኪያደርገው አይበርምና ሌሊቱን እዚያው አደረ።

በዋሽንት መንደር አንድ ትንሽ ልጅ ነበረ። ከብት ጠባቂ ነውና ሰም ደፍኖ መዋል አይሆንለትም፤ ጥጃ ሲጠፋ የሚገኘው በድምፁ ነው። ማክሰኞ ንጋት ላይ ከዋርካው ቅርንጫፎች የሚወርደውን የክንፍ ንቅናቄ ሰማ። ሮጦ እትዬ ክራር ደጅ ደረሰ። ቢጠራ የሚሰማው የለም። ገባና አጠገባቸው ተንበረከከ፤ ከጎተራው ሥር ስንጥር አንሥቶ የቀኝ ጆሯቸውን ሰም ቀስ አድርጎ ፈለፈለ። ሰሙ ሦስት ክረምት ስለቆየ ደርቋል፤ በትንሽ በትንሹ ነው የወጣው። የመጨረሻው ቁራጭ ሲወድቅ እትዬ ክራር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ይህ የሚሰማኝ ምንድን ነው?» አሉ።

«አንበጣ ነው እትዬ። ጤፍዎ ላይ ሊወርድ ነው። ቀኑ የርስዎ ነው፤ ይነሡና ይጩሁበት።»

«በዚህች አንድ አውታር ማን ይፈራኛል ልጄ?»

«ሌሎቹን ይጥሯቸዋ።»

«በኔ ቀን ቢጮሁ ይቀጣሉ እኮ።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «አዋጁ የሚለው ማንም በሌላው ቀን እንዳይገባ ነው። ባለቀኑ እንግዳ አይጥራ አይልም» አለ።

እትዬ ክራር ተነሥተው ነጠላቸውን አደረጉ። «እንግዲያው ሂድና እትዬ ጠርተዋችኋል በላቸው። ቤት ያፈራውን ይዘው ይምጡ።»

ልጁ ስንጥሩን ይዞ ከመንደር መንደር ሮጠ። አባ በገናን ጆሯቸውን ከፍቶ ጠራቸው፤ ወይራቸውን አስጭነው እሳት ይዘው መጡ። እሜቴ ከበሮን ጆሯቸውን ከፍቶ ጠራቸው፤ ልጆቻቸውን ሁሉ አሰልፈው መጥተው እሳቱን ከበቡ። የጋሽ ማሲንቆን ጆሮ ከፈተ፤ ደጋኑንና ጭራዋን በየቤታቸው አገኛቸው። ኪሱ ውስጥ የነበረችውን የእጣን ሙጫ ደጋኑ ላይ አሸት አሸት አደረገና ጭራዋ ላይ አሳረፈው። አንድ ጊዜ ተሳበ። ጋሽ ማሲንቆ ያን ድምፅ ሲሰሙ ያለ ከዘራ ወጡ። አራቱ አውታሮች ስንጥራቸውን ጥለው መጡ። ሦስቱ እምቢልታዎች በሦስት መንገድ መጥተው ተራርቀው ቆሙ። ባሻ መለከት፣ «ጠሩኝ?» አሉ። «አዎ፣ ጠርተውዎታል» አላቸው ልጁ። ባሻ ቀበቷቸውን ጠበቅ አድርገው ተከተሉት።

ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ አንበጣው ከዋርካው ተነሣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮሁበት። ዜማ አልነበረም። ሦስት ዓመት አልተገናኙም፤ ማንም ማን ላይ እንደሚገባ አያውቅም። መለከት ክራርን ዋጠ፣ ከበሮ ማሲንቆን ዋጠ።

ይህን ጊዜ አዛዥ ነጋሪት ከኮረብታው እየተጣደፉ ወረዱ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው!» አሉ። «ማክሰኞ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አሉ እትዬ ክራር። «እነዚህ እንግዶቼ ናቸው። እርስዎም ደጅ አይቁሙ፣ ይግቡ።»

አዛዥ ነጋሪትን ከተፈጠሩ ጀምሮ ግቡ ያላቸው አልነበረም። የሚሉት ጠፋባቸው። በእጃቸው ያለውን ዱላ አዩት፤ ከጤፉ ላይ ሊያርፍ የሚያንዣብበውን አንበጣ አዩ። አንድ ጊዜ መቱ። ሁለተኛ መቱ።

እስከ ቀትር ጮሁበት። አንበጣው ቢዞር በሁሉም በኩል ድምፅ ሆነበት፤ ተነሥቶ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ። የሄደ ጊዜ ግን ያቆመ የለም። ታላቁ እምቢልታ ደከመውና ለመተንፈስ አረፈ። መካከለኛው ከሜዳው ማዶ ሆኖ ያንን ክፍተት ሰማና ሳያስበው ገባ። ታናሹ ተከተለ። ሕፃናቱ፣ ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁት ሁሉ፣ ዜማው ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከአንዱ ወደ አንዱ መሮጥ ጀመሩ። እሜቴ ከበሮ ምቱን አስተካከሉ፤ ባሻ መለከት ተራቸውን ጠበቁ።

የጠፋው ሰብል አልተመለሰም። ከእትዬ ክራር ጤፍ የተረፈው ለሰባት ተከፈለ፤ የመንደሮቹም የዚያ ዓመት ክረምት ረኃብ ነበረበት። ለዘር የሚሆን ያጣ ካለው ተበደረ፣ በሬ የቀረው ለሌለው አረሰ። ኬላዎቹን ማንም አላፈረሳቸውም፤ እረኞች ለማገዶ እንጨቱን እየነቀሉ ወስደው ጨረሱት።

በሚቀጥለው መስከረም ከዋርካው ሥር የነበረው ግብዣ ንፍሮ ብቻ ነው። ባሻ መለከት ንፍሯቸውን እየቃሙ፣ «አንበጣውን ያባረረው እኮ የኔ ድምፅ ነው» አሉ። እሜቴ ከበሮ፣ «የኔ እንጂ!» አሉ። ደጋኑም ጭራዋም እኩል አፍ አወጡ። አዛዥ ነጋሪት ይፍረዱን ተባለ።

አዛዥ ነጋሪት ግን ከእሜቴ ከበሮ የልጅ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው የእስክስታ ምት እየተማሩ ነበር። ሦስተኛው ላይ ይስታሉ፤ ልጅቱ እንደገና ታሳያቸዋለች። ቀና ሳይሉ፣ «ቆዩኝ፣ ይቺን ልያዛትና» አሉ።